ቀፎው ያንተ፣ ማሩ የሌባ

«እኔን ማን ይጠልፈኛል? ምን አለኝና?» አልክ። ደረትህን ነፍተህ፣ ስልክህን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገህ። ሰው በተሰበሰበበት የተናገርከውን ሰው በተሰበሰበበት ስማ። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ። ማኪያቶ ያዘዛችሁ ማኪያቷችሁን ያዙ። ይሄ ልጅ ዛሬ አይለቀቅም።

ምን አለህ? ስልክ አለህ ጀለሴ። ስልክህ ውስጥ እናትህ አለች። አጎትህ አለ። ሪያድ ያለችው እህትህ አለች። ሌባው አንተን ምን ያደርግሃል? ኪስህ ባዶ መሆኑን ከሩቅ አይቶታል። የፈለገው ስምህን ነው። ቴሌግራምህን ይወስድና በአንተ ስም፣ በአንተ ፎቶ፣ ለእህትህ «ሆዴ፣ ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁ፤ ቶሎ በዚህ ቁጥር ላኪልኝ» ብሎ ይጽፍላታል። «ሆዴ» እንደምትላት ከየት አወቀ? ከራስህ! የድሮ መልእክትህን ከላይ እስከ ታች አንብቦታል። እሷ ደግሞ ሰው ቤት ቆማ ውላ፣ ቆማ አምሽታ ያጠራቀመችውን ትልካለች። ወንድሟ ታሟል እኮ! እሺ፣ አንተ ምንም የለህም። እህት ግን አለችህ። ቀፎው ያንተ፣ ማሩ የእሷ፣ ቆራጩ ሌባ። አሁንም «ምን አለኝ» በል እስቲ!

«እሱስ ይሁን፤ ማን ያውቀኛል?» ማንም አያውቅህም። እዚህ ላይ ተስማማን። አጥቂውም አያውቅህም፤ ማወቅም አይፈልግም። ብዙ ጥቃት የሚያካሂደው ፕሮግራም ነው። ይዞራል፣ ይነካካል፣ ክፍት ያገኘው ውስጥ ይገባል። መታወቂያ አይጠይቅም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚሉት ትል፣ በኔትወርክ ራሱ የሚሄድ ፕሮግራም ማለት ነው፣ ሲለቀቅ በቀናት ውስጥ 150 ገደማ አገር አዳረሰ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ኮምፒዩተር ቆልፎ የሕሙማንን ቀጠሮ በሺዎች አሰረዘ። «ፋይላችሁን ከፈለጋችሁ 300 ዶላር በቢትኮይን» አለ። የአንድም ታማሚ ስም ጠርቶ አልገባም። አንተ ግን ስምህ እስኪጠራ ትጠብቃለህ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ «አቤት» ያላልክ ልጅ ለሌባ «አቤት» ልትል ተዘጋጅተሃል።

ቆይ፣ ገና ነው። ዋናክራይ የገባበት የዊንዶውስ ቀዳዳ መድፈኛው መቼ ነበር የወጣው? መጋቢት 5 ቀን 2009! ጥቃቱ የደረሰው ሁለት ወር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን አቀረበ፤ «አፕዴት አድርጉ» አለ፤ «በኋላ አስታውሰኝ» እያለ ያሳደረው ሁሉ ተበላ። አንተም «በኋላ አስታውሰኝ» ማለት ከጀመርክ ቆይተሃል። ስልክህ ማስታወስ ሰልችቶት መርሳት ጀምሯል። «አፕዴት ዳታ ይጨርሳል» ትላለህ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምታየው ቲክቶክ በምን ነው የሚመጣው? በጸበል? ፀጉርህን በየሳምንቱ ትስተካከላለህ፤ ስልክህ ጎፈሬ አብቅሏል። አፕዴት አዲስ መልክና አዲስ ኢሞጂ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። የታወቀ ቀዳዳ ይደፍናል። «የታወቀ» ነው ያልኩህ። አንተ አታውቀውም፤ ሌባው ያውቀዋል። ያን ትል ያስቆመው ማርከስ ሃቺንስ የሚባል የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ ማንም ያላስመዘገበው የድረ ገጽ አድራሻ አየ፣ በ10 ዶላር ገደማ በስሙ አስመዘገበው፣ ስርጭቱ ቀጥ አለ። እሱ በ10 ዶላር ዓለምን አሳረፈ። አንተ በራስህ ስልክ ላይ አንድ ቁልፍ መንካት ከበደህ።

ወደ ይለፍ ቃልህ እንለፍ። አትደብቀው፤ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። 1234 ነው። እናንተ ደግሞ ምን ያስቃችኋል? የእናንተም እሱ ስለሆነ ነው አይደል? «ሚስጥር ቁጥር» ትለዋለህ። ሚስጥሩ ወጥቶ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል! በ2002 ዓ.ም. ሮክዩ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ተዘርፎ 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃል አደባባይ ወጣ። ከሁሉም በብዛት አንደኛ የሆነው 123456 ነበር። የዓለም ሰነፍ ሁሉ እስከ ስድስት ቆጠረ። አንተ አራት ላይ ደከመህ።

«አይ፣ እኔ የልደት ዓመቴን ነው ያደረግኩት። ያውም በፈረንጅ!» ወይ ጉድ። በፈረንጅ ሲሆን የሚጨመረው 7 ነው ወይም 8 ነው። ሌባው ሁለት ጊዜ ይሞክርና ይገባል። የተወለድክበትንም ማንም አላወጣብህም። ኬክህን ቆርሰህ፣ ሻማህን ተክለህ፣ ፌስቡክ ላይ ራስህ ለጠፍከው። ሰዉ «መልካም ልደት» ሲልህ ሌባው «መልካም መግቢያ» አለ።

ቁጥሩን ስማ እንግዲህ። አራት አሃዝ ማለት 10,000 አማራጭ ነው። ለኮምፒዩተር መክሰስም አይሆን። ስምንት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል 208 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። አስራ ሁለት ስታደርገው 95 ሺህ ትሪሊዮን ይደርሳል። እያንዳንዷ የምትጨምራት ፊደል አማራጩን በ26 ታባዛዋለች። አንተ ግን «ኤስን በዶላር ምልክት ቀይሬዋለሁ» ብለህ ትኮራለህ። ዶላር የለህ፣ ምልክቱን ይዘህ ትዞራለህ! ያንን መቀያየር የሌባውም ፕሮግራም ያውቀዋል። አስረዝመው ነው የምልህ። ምንም የማይዛመዱ አራት ቃላት ያዝ። «ጎመን፣ ዣንጥላ፣ ሎንቺና፣ ጥቅምት» ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው። አንተ አትረሳውም፤ እሱ አይገምተውም። ታዲያ ይሄንኑ ራሱን እንዳትወስድ። ታተመ እኮ!

ደግሞ ያቺን አንድ ቃል ለፌስቡክም እሷን፣ ለኢሜይልም እሷን፣ ለባንክም እሷን። በሕይወትህ ታማኝ የሆንክለት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ፓስወርድ ነው። አንዱ ድረ ገጽ ሲዘረፍ ሌቦቹ ያገኙትን ስምና ቃል በፕሮግራም ሌላው ሁሉ ላይ ይሞክሩታል። አንድ ቦታ አፈሰስክ፤ አስር ቦታ ረጠብክ። ለፓስወርድ መወስለት ነውር የለውም። ለየቤቱ ሌላ ያዝ። ማስታወሱ ካቃተህ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ አፕ አለ፤ እሱ ያስታውስልህ።

«እኔ እንኳን የጂሜይሌን ፓስወርድ ራሴም አላውቀውም!» ብለህ ደግሞ ትፎክራለህ። ማን ያውቀዋል ታዲያ? ስልኩን የሸጠልህ ልጅ! «ጂሜይልም ክፈትልኝ» አልከው፤ ከፈተልህ። ቃሉን እሱ መረጠ። ከአንተ በፊት ለመጣውም፣ ከአንተ በኋላ ለሚመጣውም ያንኑ ቃል ሰጠ። ፎቶህ፣ የስልክ ቁጥር ዝርዝርህ፣ ስልክህ ሲጠፋ የምትፈልግበት መንገድ ሁሉ እዚያ ጂሜይል ላይ ነው የተሰቀለው። ስልክህ የተሰረቀ ቀን «ካለሁበት ሆኜ ላጥፋው» ብትል መግቢያ የለህም። ባለሱቁ ጨዋ ልጅ ነው፤ እሱን ክፉ አላልኩም። ግን የሰርግህን ፎቶ ሳይጠራ የሚያይ ሰው አስቀምጠሃል። ሚዜህ እንኳን እስካሁን አልደረሰውም!

ይሄ ሁሉ መግቢያ ነበር። አሁን ዋናው መጣ። «እኔ አራዳ ነኝ፤ ማንም አይሸውደኝም» አልክ። አራዳ ያልከው ክፍለ ከተማህን ከሆነ ምንም ክርክር የለኝም።

ስልክህ ይጠራል። «ጤና ይስጥልኝ፣ ከባንክ ነው። ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው።» «ሒሳብዎ» ሲልህ ቀለጥክ። አንቱ ተብለህ አታውቅም! «አሁን ስድስት አሃዝ ያለው መልእክት ይገባልዎታል፤ ያንብቡልኝ።» አነበብክለት። ረጋ ብለህ፣ ድምፅህን ጠርገህ፣ አንዷን ቁጥር ሁለቴ ደግመህ። ትምህርት ቤት እንዲህ አንብበህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን ጽሑፍ አንተ ትጽፈው ነበር። መልእክቱ ራሱ «ለማንም አይንገሩ» ይላል። እሷን ዘለልካት! ፊደል ሲሆን ዘለልክ፣ ቁጥር ሲሆን አነበብክ። ኮድ 2 መኪና የለህም። ኮድ 3 መኪና የለህም። ያለህን አንድ ኮድ ለሌባ ሰጠህ!

እስቲ አንድ ደቂቃ አስብ። ኮዱን የላከው ማነው? ባንኩ። ታዲያ ባንኩ ራሱ የላከውን ቁጥር ምን ብሎ አንተን ይጠይቃል? ረሳው? የሚጠይቅህ የማያውቀው ሰው ነው፤ የማያውቀው ደግሞ ሌባው ብቻ ነው። ያቺ ቁጥር ለአንድ ጊዜ መግቢያ የተቆረጠች ናት። በምላስህ ስታወጣት ሌባው በእሷ ይገባል። ባንክ ቢሆን፣ ቴሌግራም ቢሆን፣ ቴሌብር ቢሆን፣ በስልክ ደውሎ ኮድህን ወይም ሚስጥር ቁጥርህን አይጠይቅም። የጠየቀህ ሌባ ነው። ክራቫት በሚያስር ድምፅ ቢያወራም ሌባ ነው።

ይሄ ሙያ ስም አለው፤ ሶሻል ኢንጂነሪንግ ይሉታል። ኢንጂነሩ ማሽን አልነካም። የነካው አንተን ነው። ያስፈራራሃል፣ ያጣድፍሃል፣ ያስጎመጅሃል። «ሊዘጋ ነው!» ፍርሃት። «በአምስት ደቂቃ ውስጥ!» ጥድፊያ። «50,000 ብር ደርሶዎታል!» ጉጉት። ሎተሪ ሳትቆርጥ ዕጣ ወጣልህ? «በስህተት ብር ልኬልህ ነው፣ መልስልኝ» ሲልህ ደግሞ የገባልህን ጽሑፍ አምነህ ልትልክለት ትሮጣለህ። ጽሑፍ ማንም ይጽፋል። ሒሳብህን ክፈትና ራስህ እየው። ከሌባ መልእክት ይልቅ የራስህን ሒሳብ እመን፤ ባዶ ቢሆንም እውነቱን ይነግርሃል።

አሁንም «እኔን አይሸውደኝም» ብለህ አንገትህን ነቀነቅክ። ሐምሌ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. የት ነበርክ? ትዊተር ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በስልክ ተደውሎላቸው ተሸወዱ። በእነሱ በር ተገብቶ የኦባማ፣ የባይደን፣ የኢሎን መስክ አካውንት ተወሰደ። በሁሉም ላይ «ቢትኮይን ላኩ፣ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» ተብሎ ተለጠፈ። በሰዓታት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ዋናው ማን ነበር? ፍሎሪዳ የሚኖር የ17 ዓመት ልጅ! ትዊተርን የሚያንቀሳቅሱትን አንድ ጎረምሳ ከሸወዳቸው፣ አንተን ለመሸወድ ታናሽ ወንድሙ ይበቃል።

«እሱ ትዊተር ስለሆነ ነው፤ ባንክ ቢሆን ይጠነቀቃል።» በል የባንኩንም ስማ። በ2008 ዓ.ም. የባንግላዴሽን ብሔራዊ ባንክ ዘረፉት። ከብዙ ወራት በፊት «ሥራ ፈላጊ ነኝ» የሚል ኢሜይል ልከው ነበር። አንድ ሠራተኛ ከፈተው። ሌቦቹ 951 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጡ ትእዛዝ ላኩ፤ 81 ሚሊዮኑ ፊሊፒንስ ገባ። ወደ ስሪላንካ ይሄድ የነበረው 20 ሚሊዮን ዶላር ግን በመንገድ ቀረ። ለምን? «ፋውንዴሽን» ብለው ሊጽፉ «ፋንዴሽን» ብለው ጻፉ! መሐል ያለ ባንክ ፊደሏን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። አንዲት የፊደል ግድፈት፣ 20 ሚሊዮን ዶላር። አንተ «ውድ ደበኛችን» የሚል መልእክት መጥቶልህ «ን»ዋ የት ገባች ሳትል ሊንኩን ነካኸው።

ሊንክ ካልን ሊንክ። «ገጹ ላይ የቁልፍ ምልክት አይቻለሁ፤ ደህና ነው» ትላለህ። ቁልፉ የሚቆልፈው መንገዱን ነው። ከአንተ እስከ ገጹ ባለው መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነብህ ጽሑፍህን ይመሰጥረዋል። ገጹ ራሱ የሌባ ከሆነ ሚስጥርህ ተመስጥሮ፣ ታሽጎ፣ ማንም ሳያየው በሰላም ሌባው እጅ ይገባል! ቁልፍ መንገድ ይዘጋል እንጂ ሌባ አያስርም።

አድራሻውን አንብብ። ማንበብ እንደምትችል ኮዱን ስታነብለት ሰምተናል። የገጽ አድራሻ የእኛን ስም ይመስላል፤ ማንነቱ የሚታወቀው በአባቱ ነው። የባንክህ ስም ከፊት ይመጣል፤ ከዚያ ነጥብ፤ ከዚያ ሌላ ስም፤ ከዚያ ዶት ኮም። ባለቤቱ ከዶት ኮም አጠገብ ያለው ስም ነው። ስሙን በባንክህ ሰየሙት፤ አባቱ ግን ሌባ ነው! ፊሺንግ የሚሉት ይሄ ነው፤ ማጥመድ። የዓለም ዓሣ ሁሉ በነጻ ይጠመዳል። አንተ ብቻ ለመጠመድ ፓኬጅ ገዝተህ መረብ ውስጥ ትገባለህ።

ፍላሽህን አምጣ እስቲ። ያችን ፎቶ ኮፒ ቤት ለፎቶ ኮፒ ቤት ስትዞር የምትውለዋን። «ፎልደሬ ጠፋ! ሁሉም ሾርትከት ሆነ!» ብለህ ጮኸህ ነበር። አልጠፋም ወንድሜ። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በስሙ ሾርትከት አስቀመጠልህ። ሾርትከቱን ስትነካ ቫይረሱ ይነሳል፤ እንዳትጠረጥር ፎልደሩንም ይከፍትልሃል። የተደበቀ ፋይል አሳይ ብትለው ሁሉም እዚያው ነበር። አንተ ግን ደንግጠህ ፎርማት አደረግከው። ቫይረሱ የደበቀውን አንተ ቀበርከው! ሌባው የአንተን ፋይል ከአንተ ደበቀ። አንተ የራስህን ሚስጥር ቁጥር ከሰው መደበቅ አቃተህ። ፍላሽን አትናቅ ደግሞ። በ2002 ዓ.ም. የተደረሰበት ስታክስኔት የሚባል ፕሮግራም በፍላሽ እየተሻገረ ነው የኢራንን የናታንዝ ዩራኒየም ማበልጸጊያ ያመሰው። ከኒውክሌር ተቋም ያልተመለሰ ነገር ከአንተ ላፕቶፕ አይመለስም።

«ሁሉም ቫይረስ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» አለው! ቫይረስ ፋይል ላይ ተለጥፎ እስክትከፍተው ይጠብቅሃል። አንተም አታሳፍረውም። ትል አንተንም አይጠብቅ፤ በኔትወርክ ራሱ ይሄዳል። በ1981 ዓ.ም. ሮበርት ሞሪስ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል 6,000 ገደማ ኮምፒዩተሮችን አንበረከከ ተብሎ ተገምቷል። ኢንተርኔት ገና በእግሩ መሄድ ሳይጀምር ትል ያዘው! ሦስተኛው ትሮጃን ነው። እሱ አይሰብርም፣ አይሳብም። አንተው ትጋብዘዋለህ። «ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ በነጻ» ብለህ ከማታውቀው ሰው አወረድክ። መስኮትህን አስሰንጥቀህ በርህን ትቆልፋለህ! «አንቲቫይረስ አለኝ» አልክ። እሱም ክራክ ነው። ዘበኛህን ከሌባ ቀጠርከው።

የፍቅር ነገርማ ተወው። ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከማኒላ የተነሳ «አይ ላቭ ዩ» የሚል ኢሜይል ዓለምን አዳረሰ። የተያያዘውን የፍቅር ደብዳቤ የከፈተ ሁሉ ተበከለ። ኮምፒዩተሩም ያንኑ ፍቅር በአድራሻ ደብተሩ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ላከ። የእንግሊዝ ፓርላማ የኢሜይል ሥርዓቱን እስከ መዝጋት ደረሰ። ከፖለቲካ ሰዎች መሐል ፍቅር ያልተጠማ ጠፋ! ፊሊፒንስ ያኔ ሕግ ስላልነበራት ተጠርጣሪው ተለቀቀ። አንተ በዚህ እንዳትጽናና። እኛ ጋ አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ያለፈቃድ የሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። «ለቀልድ የፍቅረኛዬን አካውንት ከፈትኩ» የምትለዋን ቀልድ ዳኛ ፊት ስትነግራት አታስቅም።

«ሳይበር ደህንነት ማለት ሃከር መከላከል ነው፣ አለቀ» ስትል ደግሞ ሰማሁህ። አላለቀም። ሦስት ነገር ነው የሚጠበቀው። ሚስጥሩ እንዳይወጣ፣ መረጃው እንዳይዛባ፣ ስትፈልገው እንዳይጠፋ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ታስታውሳለህ፤ ሌሊቱን ወረፋ ይዘህ ነበር እንዴ? የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር አወጣ። ባንኩ «የሳይበር ጥቃት አይደለም፤ ሲስተም ስናሻሽል የተፈጠረ ችግር ነው» አለ። ሃከር የለም፤ መዛባቱ ግን አለ! የብር ማውጫው ማሽን ደግሞ ብር ሲሰጥ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይመዘግባል። ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ ከየትኛው ማሽን። ከዚያ ባንኩ ብሩን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ አወጣ። «ብር ጨመርልኝ» ብሎ የሮጠ ሁሉ ስሙ ተጨመረ።

የመጨረሻውን ልጨምርልህ። ራንሰምዌር ሲሉህ የቡና ዓይነት መሰለህ። ፋይልህን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። ቤዛ ሲባል ደግሞ ዞር ዞር አትበል፤ የሰፈራችንን ልጅ አልጠራሁም! ብትከፍልም መክፈቻውን ለመስጠቱ ዋስትና የለህም። ማንን ትከሳለህ? ደረሰኝ ቆረጠልህ? መድኃኒቱ ቀድሞ ሌላ ቅጂ መያዝ ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የአንተ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አንዲት ፍላሽ ላይ ናት፤ ፍላሿ ቁልፍህ ላይ ናት፤ ቁልፍህ የት እንዳለ አታውቅም። ሌባ እስኪመጣ እንኳን አልጠበቅክም። ራስህን በራስህ ዘረፍክ!

አሁን ጥግ ያዝክ። ጥግ የያዘ ሰው የሚላትን አልክ፦ «ከፈለጉ ማንንም ይጠልፋሉ፤ ምን ዋጋ አለው?» አየህ! ሲጀመር «ማን ይጠልፈኛል?» አልክ። ሲያልቅ «ማን ያስጥለኛል?» አልክ። መሐሉን፣ ማድረግ ያለብህን ነገር፣ በላኸው። በ2013 ዓ.ም. ኮሎኒያል የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ የነዳጅ ቧንቧ ለቀናት ተዘጋ፤ ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቤዛ ከፈለ። ሌቦቹ የገቡት በአንድ የተረሳ አካውንት፣ በአንድ ይለፍ ቃል ነበር። አካውንቱ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ሁለተኛ ማረጋገጫ ማለት የምታውቀው ላይ የያዝከው ሲጨመር ነው፤ ቃልህን ቢሰርቁ ስልክህ ይቀራል። ማይክሮሶፍት በ2011 ዓ.ም. ይሄ ብቻውን ከ99.9 በመቶ በላይ የሚሆነውን አካውንት የመንጠቅ ጥቃት ይመልሳል ብሏል። በነጻ ነው። ወረፋ የለውም። አንተ ደግሞ ወረፋ ትወዳለህ፣ ሌሊትም ቢሆን።

በል አሁን ያችን ስልክ ከጠረጴዛው አንሳ። ሳቁን ተውና እናንተም አንሱ። ቴሌግራም ክፈቱ፤ ሴቲንግ ግቡ፤ ፕራይቬሲ ውስጥ «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሩ። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን እዩና የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡት። ዋትስአፕም ላይ እንዲሁ አድርጉ። ለሲም ካርዳችሁ ፒን አድርጉለት፤ ስልክ ቢሰረቅ ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ እንዳይከተውና ኮዳችሁን እንዳይቀበልበት። ከተሰረቀም ወዲያው 994 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ፤ ከዚያ ባንካችሁን። የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆናችሁ 951 ነው። አንተ ግን ከሁሉም በፊት ሪያድ ደውል። እህትህን «በስሜ ብር የጠየቀሽ ሰው ካለ፣ ድምፄን ሳትሰሚ አንዲት ሪያል እንዳትልኪ» በላት። ዛሬውኑ ደውል፤ ሒሳቡን እኛ እንከፍላለን።